ሸካራ ፕላስቲክ ፊልም

ሸካራ ፕላስቲክ ፊልም ማለት ገጹ ሆን ተብሎ ሸካራ እንዲሆን ተደርጎ የሚመረት ስስ የፕላስቲክ ሉህ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ በአንድ በኩል ለብስኩት፣ ለቡና፣ ለሳሙናና ለመሳሰሉት ማሸጊያ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በካፓሲተርና በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ ለመከለል ያገለግላል። ሸካራነቱ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን እንደ ጭጋግ ወይም እንደ ደብዛዛነት ይታያል እንጂ በጣት አይዳሰስም፤ ከጉብታው ጫፍ እስከ ጎድጓዱ ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ማይክሮን አይበልጥም።

ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ የብስኩት መጠቅለያ ፊልም ከ15 እስከ 40፣ የካፓሲተር ፊልም ደግሞ ከ2 እስከ 20 ማይክሮን ይሆናል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ሌላ ማነጻጸሪያ የሚሆነው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነው። አዋጁ በወጣበት ጊዜ እንዳይመረቱና ወደ አገር እንዳይገቡ ገድቧቸው የነበሩት የፕላስቲክ ከረጢቶች ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትር (30 ማይክሮን) እና ከዚያ በታች የሆኑት ነበሩ። እዚህ የምናነሳው ፊልም እንግዲህ አብዛኛው ከዚያ ከረጢት ጋር እኩል ወይም ከእሱም የሳሳ ነው።

ስለ ስያሜው

በዕለት ተዕለት አማርኛ ለዚህ ሁሉ «ላስቲክ» የሚለው ቃል ይበቃል፤ ከረጢት ከሆነም «ፌስታል» ይባላል። በምሕንድስና ግን ላስቲክ የሚለጠጠውንና ተመልሶ የሚሰበሰበውን ጎማ መሰል ነገር ስለሚያስታውስ፣ በዚህ ጽሑፍ «ፊልም» የሚለውን ቃል እንጠቀማለን። «ሸካራ» የሚለውም ትንሽ ያሳስታል። የፋብሪካ ሰዎች አንዱን ፊልም ሸካራ ሌላውን ለስላሳ ይበሉ እንጂ ፍጹም ለስላሳ ፊልም በገበያ ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም የተወሰነ ሸካራነት አለው፣ ልዩነቱ የመጠን ነው።

ሸካራነት ለምን ያስፈልጋል

ሁለት ንጹሕ መስታወቶች ተደራርበው ሲቀመጡ አንዱን ከሌላው ማላቀቅ አስቸጋሪ ይሆናል። በጣም ለስላሳ የሆነ ፊልምም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው ፊልሙን በደቂቃ በመቶዎች ሜትር ፍጥነት ይጠቀልላል፤ በዚህ ፍጥነት እያንዳንዱ ዙር አየር ይዞ ወደ ጥቅሉ ይገባል። ገጹ በጣም ለስላሳ ከሆነ አየሩ በቶሎ መውጫ ያጣል፤ ዙሮቹ በአየር ትራስ ላይ ተንሳፈው ወደ ጎን ይንሸራተቱና ጥቅሉ ቅርጹን ያጣል። አየሩ በጊዜ ብዛት ሲወጣ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል፦ ዙሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ፊልሙም በማሸጊያ ማሽን ላይ ሲፈታ ይጨማደዳል ወይም ይቀደዳል። ትናንሽ ጉብታዎች ሲኖሩ ግን ሁለቱ ገጾች የሚነካኩት በጫፎቻቸው ብቻ ነው፤ በመካከል ያለው ክፍተት አየሩን ያስወጣል፣ መጣበቅንም ይከላከላል።

በካፓሲተር ውስጥም ጉዳዩ ያው አየርን ማስወጣት ነው፤ እዚያ ግን በአየሩ ቦታ ዘይት መግባት አለበት። ሁለቱ ኢንዱስትሪዎች እርስ በርስ ብዙም ባይተዋወቁም ሸካራነትን የሚፈልጉት በአንድ ምክንያት ነው። ሁለቱም ዋጋ ይከፍሉበታል። ማሸጊያው ጥራቱንና አንጸባራቂነቱን ያጣል፤ መከለያው ደግሞ ጎድጓድ ባለበት ቦታ ስለሚሳሳ ኤሌክትሪክ የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ አምራቹ የሚፈልገው ብዙ ሸካራነትን ሳይሆን የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው።

ፊልሙ እንዴት ይሠራል

የፖሊፕሮፒሊን ታሪክ አጭር ነው። ጣሊያናዊው ኬሚስት ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 በሚላኖ ከተማ የጀርመናዊው ካርል ሲግለር የፈጠራቸውን ዓይነት ማፋጠኛዎች ተጠቅሞ ሰንሰለቱ ሥርዓት ያለውን ፖሊፕሮፒሊን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1957 የሞንቴካቲኒ ኩባንያ በፌራራ ለገበያ ማምረት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ሁለቱ ሳይንቲስቶች የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። የሰንሰለቱ ሥርዓት ለዚህ ጽሑፍ አስፈላጊ ነው፤ ፕላስቲኩ ክሪስታል መሥራት የሚችለው በእሱ ምክንያት ነውና።

ጥሬ ዕቃው ምስር የሚያክል ነጭ ጥራጥሬ ሆኖ ይመጣል። ጥራጥሬው እንደ ሥጋ መፍጫ ረጅም ብሎን ባለው ኤክስትሩደር ውስጥ ገብቶ ከ200 እስከ 260 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፣ ይጣራል፣ ከዚያም ጠባብና ረጅም በሆነ ቀዳዳ እንደ ወፍራም መጋረጃ ይወጣል። መጋረጃው በሚሽከረከር የብረት ከበሮ ላይ ወድቆ ይረጋል። የዚህ ከበሮ ሙቀት ምን ያህል እንደሚወስን በኋላ እናያለን።

የረጋው ሉህ ገና ወፍራም ነው። ስስ የሚሆነው በመለጠጥ ነው። መጀመሪያ በርዝመቱ፣ የኋለኞቹ ከፊተኞቹ በፈጠኑ ሙቅ ሮለሮች መካከል አልፎ 5 እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ቀጥሎ ሁለቱ ጠርዞቹ በሰንሰለት ላይ በተደረደሩ መቆንጠጫዎች ተይዘው ረጅም ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ሰንሰለቶቹ እየተራራቁ ሲሄዱ ፊልሙ በስፋቱ ከ8 እስከ 10 እጥፍ ይለጠጣል። 5 በ9 ሲባዛ 45 ነው፤ ስለዚህ 0.9 ሚሊሜትር የነበረው ሉህ 20 ማይክሮን ሆኖ ይወጣል። መለጠጡ ውፍረትን ብቻ አይቀንስም። ሰንሰለቶቹን በሁለት አቅጣጫ ስለሚያስተኛቸው ፊልሙን ጠንካራና ጥርት ያለ ያደርገዋል። በሁለት አቅጣጫ የተለጠጠ ፖሊፕሮፒሊን በኢንዱስትሪው ቢኦፒፒ በሚለው ምሕጻረ ቃል ይታወቃል።

ከምድጃው ሲወጣ ጠርዞቹ ይቆረጣሉ፤ ቀለምና ሙጫ የሚቀበል መሆን ካለበት አንደኛው ገጹ በኮሮና ይታከማል። ይህም በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጠር የብልጭታ ዝናብ በገጹ ላይ ኦክስጅን ያዘሉ ሞለኪውሎች እንዲበዙ የሚያደርግ ሂደት ነው። ያልታከመ ፖሊፕሮፒሊን የገጽ ውጥረቱ 30 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ስለሆነ ቀለም ይሸሸዋል፤ ከታከመ በኋላ ወደ 40 ይጠጋል። ውጤቱ ግን ከሳምንታትና ከወራት ጋር እየደከመ ስለሚሄድ ለረጅም ጊዜ በመጋዘን የቆየ ፊልም ለኅትመት ሲቀርብ ሊያስቸግር ይችላል።

ሸካራነት የሚሰጥባቸው መንገዶች

ቀላሉ መንገድ ብናኝ መጨመር ነው። ዲያሜትራቸው ጥቂት ማይክሮን የሆነ የሲሊካ ቅንጣቶች ከፊልሙ ውጫዊ ሽፋን ጋር ይደባለቃሉ፤ መጠናቸው ከ1,000 ክፍል ውስጥ ከ1 እስከ 3 ክፍል ብቻ ነው። ሽፋኑ ራሱ 1 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ቅንጣቶቹ ጫፋቸውን ብቅ ያደርጋሉ። አብሯቸው ብዙ ጊዜ ኤሩካማይድ የሚባል ሰም መሰል ነገር ይጨመራል፤ እሱ ቀስ በቀስ ወደ ገጹ ወጥቶ ፊልሙን አንሸራታች ያደርገዋል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚያብረቀርቁት ማሸጊያዎች ሳይቀሩ ይህ ዓይነቱ ጥቂት ሸካራነት አላቸው።

ሁለተኛው መንገድ ብናኙን በመካከለኛው ሽፋን ውስጥ በብዛት ማድረግ ነው። የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ያሉበት ፖሊፕሮፒሊን ሲለጠጥ ፕላስቲኩ ከቅንጣቱ ይላቀቅና በዙሪያው ጠፍጣፋ ባዶ ቦታ ይተዋል። የእንጀራን ዓይን ማሰብ ይረዳል፤ ልዩነቱ እነዚህ ዓይኖች ከውስጥ ተዘግተው መቅረታቸው ነው። ብርሃን በእያንዳንዱ ክፍተት ላይ ስለሚበተን ፊልሙ ያለ ነጭ ቀለም ነጭና እንደ ዕንቁ የሚያብረቀርቅ ይሆናል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። ያለ ክፍተት 0.91 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር የነበረው ጥግግት ወደ 0.7 አካባቢ ይወርዳል። ለብስኩት፣ ለአይስክሬምና ለሳሙና መጠቅለያ የሚመረጠው ይህ ነው።

ሦስተኛው የማይዋሃዱ ሁለት ፕላስቲኮችን ማቀላቀል ነው። ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኢቲሊን ሲቀላቀሉ እንደ ዘይትና ውኃ ተለያይተው ይቀራሉ፤ ሲለጠጡም እኩል ስለማይሳቡ ገጹ ይጎረብጣል። ወረቀት የሚመስለውና የማያንጸባርቀው «ማት» ፊልም የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

አራተኛው መንገድ በቅርጽ መጫን ሲሆን በዓይንም በጣትም የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው። ገና ሙቅ የሆነው ፊልም ንድፍ በተቀረጸበት የብረት ሮለርና በጎማ ሮለር መካከል ያልፋል። ንድፉ አልማዝ፣ ነጥብ ወይም መስመር ሊሆን ይችላል። ይህ ዘዴ አስቀድሞ በሁለት አቅጣጫ ለተለጠጠ ፊልም እምብዛም አይመችም፤ የተለጠጠው ፊልም ሲሞቅ መሰብሰብ ይፈልጋልና። ለዚህ በብዛት የሚውለው ያልተለጠጠ ፖሊኢቲሊን ነው።

እነዚህ ሁሉ ለካፓሲተር አይሆኑም። ብናኝ በኤሌክትሪክ ጫና ውስጥ ደካማ ቦታ ይፈጥራል፤ ለካፓሲተር የሚሆን ፖሊፕሮፒሊን ከማፋጠኛው የተረፈው አመድ እንኳ ሳይቀር ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር ብቻ እንዲሆን ይፈለጋል። ስለዚህ ምንም ሳይጨምሩ ከፕላስቲኩ ከራሱ ሸካራነት የሚያወጡበት ዘዴ አስፈለገ።

የቤታ ክሪስታል ዘዴ

የፖሊፕሮፒሊን ሰንሰለት እንደ ጸደይ የተጠማዘዘ ነው፤ በየሦስት አሃዱ አንድ ዙር ይጨርሳል። እነዚህ ጸደዮች ጎን ለጎን የሚደረደሩበት መንገድ ግን ከአንድ በላይ ነው። የተለመደውና ጽኑው አደራደር አልፋ ይባላል፤ የሚቀልጠው በ165 ዲግሪ ገደማ ነው። ሌላው ቤታ ይባላል። ኪዝ፣ ፓደንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1959 የገለጹት ይህ ዓይነት አደራደሩ ላላ ያለ፣ ጥግግቱ ያነሰና በ150 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ነው።

የቀለጠው ፕላስቲክ በቀዝቃዛ ከበሮ ላይ ሲወድቅ በድንገት ስለሚረጋ ትልልቅ ክሪስታሎች ለመሥራት ጊዜ አያገኝም፤ ጥርት ያለው የማሸጊያ ፊልም የሚሠራው እንዲህ ነው። ከበሮው ሞቅ ተደርጎ እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲያዝ ግን ሉሁ ቀስ ብሎ ይረጋል፤ በውስጡም ስፌሩላይት የሚባሉ፣ ከመካከል ወደ ዙሪያ እንደ ጨረር የተዘረጉ የቤታ ክሪስታል እንክብሎች ያድጋሉ። ሉሁ ከዚያ ከቤታ መቅለጫ በቀረበ ሙቀት ሲለጠጥ ቤታው ፈርሶ ወደ አልፋ ይለወጣል። አልፋ የበለጠ የተጠጋጋ ስለሆነ ያው ፕላስቲክ ያነሰ ቦታ ይይዛል። እንክብሉ በነበረበት ቦታ ገጹ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ በዙሪያው ደግሞ ከፍ ያለ ጠርዝ ይቀራል።

ውጤቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጨረቃን ገጽ ይመስላል፦ በመለጠጡ ምክንያት ሞላላ የሆኑ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ የቀለበት ጉድጓዶች። ጉድጓዶቹ ሰፊ ቢሆኑም ጥልቀት የላቸውም፤ የፊልሙ አማካይ ሸካራነት ከ1 ማይክሮን በታች ነው። በዓይን የሚታየው ጭጋግ ብቻ ነው።

የዘዴው ውበትም ችግርም ሁሉም ነገር በሙቀት ላይ መንጠልጠሉ ነው። ከበሮው በጥቂት ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ቤታው ይቀንሳል፣ ፊልሙም ለስላሳ ይሆናል፤ ቢበዛ ጉድጓዶቹ ይሰፋሉ፣ ፊልሙም ይሳሳል። ከከበሮው ጋር የተነካካው ገጽና በአየር በኩል ያለው ገጽም እኩል ስለማይሞቁ ሁለቱ ወገኖች በሸካራነት መለያየታቸው የተለመደ ነው። ቤታን በግድ የሚያበዙ ንጥረ ነገሮችም አሉ። ከታወቁት አንዱ ኩዊናክሪዶን የሚባለው ቀይ ማቅለሚያ ሲሆን፣ እጅግ ትንሽ መጠኑ የቤታ ክሪስታልን እንዲያድግ ይቀሰቅሳል። ንጽሕና ከሁሉ በላይ በሚፈለግበት በካፓሲተር ፊልም ግን ሙቀትን መቆጣጠር ይመረጣል።

በካፓሲተር ውስጥ

ካፓሲተር (በድሮው አጠራር ኮንደንሰር) ሁለት የብረት ሉሆችና በመካከላቸው ያለ መከለያ ነው። የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሙል መጠን መከለያው በሳሳ ቁጥር ይጨምራል፤ መከለያው በሳሳ ቁጥር ደግሞ የመበሳት አደጋው ይጨምራል። የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎች ትልልቅ ካፓሲተሮችን የሚጠቀሙት ሞተሮችና ትራንስፎርመሮች በመስመሩ ላይ የሚያስከትሉትን የማይሠራ ጅረት ለማካካስ ነው።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መከለያው ዘይት የጠጣ ወረቀት ነበር። ወረቀት ዘይትን የሚስበው የኩራዝ ክር ጋዝን እንደሚስበው ስለሆነ አየርን ማስወጣት ከባድ አልነበረም። ድክመቱ ብክነቱ ነው፤ ወረቀቱ በተለዋዋጭ ጅረት ውስጥ ይሞቃል። የፖሊፕሮፒሊን የብክነት መጠን 0.0002 ገደማ ሲሆን የዘይት ወረቀት ከዚህ 10 እጥፍ ያህል ይበልጣል። በ100 ኪሎቫር ካፓሲተር ላይ ሲሰላ በመከለያው ውስጥ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል በፖሊፕሮፒሊን 20 ዋት፣ በወረቀት ደግሞ 200 ዋት ገደማ ይሆናል። የመበሳት ጥንካሬውም ከፍተኛ ነው፤ ጥሩ ፊልም ለአጭር ጊዜ በየማይክሮኑ ከ500 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይቋቋማል።

ይሁን እንጂ ለስላሳ ፊልምና ለስላሳ የአልሙኒየም ሉህ አብረው ሲጠቀለሉ ዘይት መግቢያ አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የነበረው መፍትሔ ወረቀትና ፊልምን አብሮ መጠቅለል ነበር፤ ወረቀቱ እንደ ክር ዘይቱን ይስባል፣ ፊልሙ ደግሞ ቮልቴጁን ይችላል። ሸካራ ፊልም ሲመጣ ግን ወረቀቱ ሥራ አጣ። በ1970ዎቹ ሙሉ በሙሉ ከፊልም የተሠሩ የኃይል ካፓሲተሮች ተስፋፉ። ጥቅሉ በቫኪዩም ውስጥ ለረጅም ሰዓት ይደርቃል፣ ከዚያ ዘይቱ ይለቀቅበትና በጉድጓዶቹ መካከል ባለው መንገድ እየተሳበ እስከ መካከሉ ይደርሳል።

አየር ቢቀር ምን ይሆናል? ለአብነት በፊልሙ ላይ በየማይክሮኑ 60 ቮልት ቢያርፍ፣ የፖሊፕሮፒሊን የዳይኤሌክትሪክ ቋሚ 2.2 ስለሆነ በአየሩ ላይ የሚያርፈው 2.2 እጥፍ፣ ማለትም በየማይክሮኑ 132 ቮልት ይሆናል። ክፍተቱ 5 ማይክሮን ከሆነ 660 ቮልት ማለት ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 ባወጣው ሕግ መሠረት በአየር ውስጥ ብልጭታ ለመነሳት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ቮልቴጅ 330 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ክፍተት ውስጥ ብልጭታ ይነሳል። ከፊል ብልጭታ የሚባለው ይህ ነው። ካፓሲተሩን ወዲያው አያቃጥለውም፤ በሴኮንድ በመቶ ጊዜ እየተደጋገመ ፊልሙን ይበላዋል፣ አንድ ቀን ይበሳዋል። ዘይት ሲሞላ ግን የዘይቱ ቋሚ ለፊልሙ ቅርብ ስለሆነ ጫናው ሳይዛባ ይከፋፈላል። ከላይ ያለው ስሌት በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠሩ ካፓሲተሮች ያለ ዘይት ለምን እንደሚኖሩም ያስረዳል፦ በክፍተቱ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ከ330 በታች ከሆነ ብልጭታ አይነሳም።

ሌላም ውስብስብ ነገር አለ። ፖሊፕሮፒሊን ዘይቱን በጥቂቱ ይጠጣል፣ ያብጣልም። ሲያብጥ ያው ዘይቱ የሚሄድበት መንገድ ይጠብባል። ዲዛይነሩ ለእብጠቱ የሚሆን ትርፍ ክፍተት አስቀድሞ መተው አለበት፤ ዘይቱ በሚገባበት ጊዜ ያለው ሙቀትም በጥንቃቄ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የቤት ማራገቢያና የውኃ ፓምፕ ትንሽ ካፓሲተር ግን ሌላ ዓይነት ነው። በእሱ ውስጥ የተለየ የብረት ሉህ የለም፤ አልሙኒየም ወይም ዚንክ በቫኪዩም ውስጥ ተንኖ በፊልሙ ላይ በጥቂት አሥር ናኖሜትር ውፍረት ይለጠፋል። ፊልሙ አንድ ቦታ ቢበሳ በዙሪያው ያለው ስስ ብረት ተንኖ ይጠፋና ጉዳቱ ራሱን ያገልላል። ለዚህ ዓይነቱ ለስላሳ ፊልም ይመረጣል፤ ሸካራነቱ ለመጠቅለል ብቻ የሚበቃ ይሆናል። ማራገቢያው ከዓመታት በኋላ መነሳት የሚያቅተው አንዳንድ ጊዜ እነዚህ ራስን የማግለል ክስተቶች ተጠራቅመው የካፓሲተሩን አቅም ስለሚቀንሱት ነው።

በሞተር ውስጥ የሽቦ መተኛ ቦይን ለመከለል የሚውለው በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ሳይሆን ፔት፣ ማለትም የፖሊስተር ፊልም ነው፤ ሙቀትን የበለጠ ይችላልና። የካሴት፣ የቪዲዮና የኮምፒውተር መረጃ ማስቀመጫ ቴፖች የተሠሩትም በፔት ፊልም ላይ ነው። እዚያ የሸካራነት ክርክር በአንድ ፊልም ሁለት ገጽ ላይ ይታያል፦ ማንበቢያው የሚነካው ገጽ እጅግ ለስላሳ፣ የጀርባው ገጽ ደግሞ ቴፑ በደንብ እንዲጠቀለል ትንሽ ሸካራ ይደረጋል።

ሁለቱ ውፍረቶች

ሸካራነትን በመርፌ ወይም በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ለካፓሲተር ሠሪ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ሚዛንና ማይክሮሜትር ብቻ የሚጠይቅ አንድ ቀላል ዘዴ ነው። ከአንድ ፊልም 10 በ10 ሴንቲሜትር የሆኑ 10 ቁራጮች ተቆርጠው ይመዘናሉ እንበል፤ ክብደታቸው 0.905 ግራም ሆነ። የፖሊፕሮፒሊን ጥግግት 0.905 ስለሆነ ይዘታቸው 1 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው፣ የአንዱ ውፍረትም 10 ማይክሮን ይሆናል። ቁራጮቹ ተደራርበው በማይክሮሜትር ሲለኩ ግን 110 ማይክሮን ከሆኑ፣ የአንዱ ውፍረት 11 ነው ማለት ነው። በክብደት 10፣ በመለኪያ 11፤ ልዩነቱ፣ 10 በመቶው፣ በጉብታዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ዘይቱ የሚገባው እዚያ ነው። በካፓሲተር ፊልም ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 በመቶ ነው።

በማሸጊያ በኩል የሚለካው ጭጋጋማነት ነው። በፊልሙ ውስጥ ካለፈው ብርሃን ከ2.5 ዲግሪ በላይ የተበተነው በመቶኛ ይሰላል። ለሸማች ጥርት ብሎ የሚታየው ፊልም 2 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የማት ፊልም ከ60 በመቶ ሊያልፍ ይችላል።

በማሸጊያ ውስጥ

የማት ፊልም ዋና ጥቅም መልክ ነው፤ መብራት ስለማያንጸባርቅ ጽሑፉ ይነበባል፣ በእጅም ወረቀት ይመስላል። ለቡና ማሸጊያ የሚወደደው ለዚህ ነው። ቡናውን ከአየርና ከእርጥበት የሚጠብቀው ግን ማቱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው የአልሙኒየም ወይም ሌላ ሽፋን ነው፤ ገዢ ሁለቱን ባያምታታ ጥሩ ነው።

ሸካራነቱ ያለ ጥርጥር ሥራ የሚሠራው በቤት ውስጥ የቫኪዩም ማሸጊያ ከረጢቶች ላይ ነው። የቤት ማሽኑ አየሩን የሚስበው በከረጢቱ አፍ በኩል ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች ለስላሳ ቢሆኑ አፉ አጠገብ ወዲያው ይጣበቁና ከውስጥ የቀረው አየር ይታፈናል። ስለዚህ አንዱ ግድግዳ በአልማዝ ወይም በመስመር ንድፍ ተጭኖ ይሠራል፤ ግድግዳዎቹ ቢጣበቁም አየሩ በንድፉ ቦዮች ይወጣል። የሥጋ ፋብሪካዎች ትልልቅ ማሽኖች ግን ከረጢቱን በሙሉ አየር በሚወጣለት ሣጥን ውስጥ ስለሚያስቀምጡት ከውስጥም ከውጭም ግፊቱ አብሮ ይወርዳል፤ እነሱ ርካሹን ለስላሳ ከረጢት ይጠቀማሉ። በቤት ማሽን ላይ ለስላሳ ከረጢት ሞክሮ «ማሽኑ ተበላሸ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የተሳሳተው በከረጢቱ ነው።

ከአገልግሎት በኋላ

ፖሊፕሮፒሊን ብቻውን ሲሆን ቀልጦ እንደገና ሊሠራ የሚችል ፕላስቲክ ነው። በማሸጊያ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከፔት፣ ከአልሙኒየምና ከፖሊኢቲሊን ጋር ተለጥፎ ስለሚመጣ መለየቱ ከባድ ነው። አምራቾች ሁሉም ሽፋኖች ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ የሆኑበትን ማሸጊያ ለመሥራት የሚሞክሩት ለዚህ ነው።

የካፓሲተር ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ፒሲቢ ሲባል የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ መጀመሪያ የሚያስበው የሰርኪት ሰሌዳን ነው፤ እዚህ ግን ፖሊክሎሪኔትድ ባይፌኒል የሚባለውን ዘይት ነው። በቀላሉ ስለማይቃጠል ለአሥርተ ዓመታት በካፓሲተሮችና በትራንስፎርመሮች ውስጥ ይሞላ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ የፊልም ካፓሲተሮችም የተሞሉት በእሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 በምዕራብ ጃፓን በአንድ ፋብሪካ ማሞቂያ ቧንቧ ውስጥ የነበረ ፒሲቢ አፈትልኮ ከሩዝ የሚወጣ የምግብ ዘይት ውስጥ ገባ፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተመረዙ። ጃፓን በ1972 ምርቱን አቆመች፤ አሜሪካ በ1979 ማምረትን ከለከለች። ዛሬ በእሱ ቦታ ክሎሪን የሌላቸው እንደ ቤንዚልቶሉዊን ያሉ ፈሳሾች ይገባሉ።

ፒሲቢ በተፈጥሮ በቀላሉ አይፈርስም፣ በሰውነት ስብ ውስጥም ይከማቻል። ስለዚህ ከ1980ዎቹ በፊት የተሠራ፣ ዘይት ያለበት ካፓሲተር ምልክቱ «ፒሲቢ የሌለበት» የማይል ከሆነ መክፈት፣ ዘይቱን ለሌላ ሥራ ማዋል ወይም ማቃጠል አይገባም፤ ባልተሟላ ሙቀት ሲቃጠል ከራሱ የባሱ መርዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ተፈርሞ በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የስቶክሆልም ስምምነት፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት፣ ፒሲቢ ያለባቸው መሣሪያዎች እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ ዘይቱና የተበከሉት መሣሪያዎችም እስከ 2028 አካባቢን በማይጎዳ መንገድ እንዲወገዱ የጊዜ ገደብ አስቀምጧል።